ለባሕር ውኃ ገንዳ የትኛው ፋሼታ ይታመናል?

ፍርዴን አስቀድሜ ልስጥ፤ ምክንያቱን ለመስማት ትዕግሥት ያለው ይከተለኛል። ፋሼታ የምለው ቱቦን በፓምፕ አንገት ወይም በመሰኪያ ላይ አጥብቆ የሚይዘውን ማሰሪያ ነው፤ ገንዳ የምለውም የባሕር ዓሣና ኮራል የሚኖርበትን አኳሪየም ነው። ውኃ ውስጥ ለሚውል ቱቦ ከናይለን ወይም ከአሴታል የተሠራውን፣ በጥርስ እየተያያዘ የሚጠብቀውን የፕላስቲክ ፋሼታ እመርጣለሁ። ያለ ብሎን አላምንም ለሚል ሰው ቲታኒየም አለለት። «የማይዝግ» ተብሎ የሚሸጠው የብረት ፋሼታ፣ ማሸጊያው ላይ የትኛውም ቁጥር ቢጻፍበት፣ ገንዳው ውስጥ አይገባም፤ ከገንዳው ውጭ ግን ሥራ አያጣም። የናሱን፣ የመዳቡንና ዚንክ የተቀባውን ደግሞ ኮራል፣ ሽሪምፕ ወይም ቀንድ አውጣ ባለበት ክፍል ውስጥ ባላየው ደስ ይለኛል።

ሥራዬ የሰው ገንዳ ማጽዳትና መጠገን ነው። ስለዚህ እኔ የማውቀው መደርደሪያ ላይ የሚያብረቀርቀውን ፋሼታ ሳይሆን በጨው ውኃ ውስጥ ከርሞ የወጣውን ነው። አዲስ ሆኖ የማያምር ፋሼታ የለም። የሚጠሩኝ ሰዎችም ስለ ፋሼታ ብለው አይጠሩኝም፤ «ቀንድ አውጣዎቹ ከመስታወቱ እየወደቁ ነው»፣ «ኮራሉ መከፈት ትቷል»፣ «ፓምፑ አጠገብ ያለው አሸዋ ቡናማ ሆነ» ነው የሚሉኝ። ለእነዚህ ሁሉ ሌላ ብዙ ምክንያት ሊኖር ይችላል። ሆኖም መለኪያዎቼን ከማውጣቴ በፊት እጄን ወደ ፓምፑ አንገት እሰዳለሁ። ቱቦው ከፓምፑ ጋር የተያያዘበትን ቦታ በጣት ዳብሶ ሸካራ ነገር መፈለግ ጊዜ አይወስድም፤ ሲገኝ ደግሞ ብዙ ግምት ያስቀራል።

በየቦታው የሚገኘው የብረት ፋሼታ ሦስት ክፍል አለው፦ ቱቦውን የሚያቅፍ ቀጭን ቀበቶ፣ ጠመዝማዛ ብሎን፣ ብሎኑን የሚይዝ ትንሽ ቤት። ማሸጊያው «ስቴንለስ ስቲል» ሲል ብዙ ጊዜ የሚመሰክረው ለቀበቶው ብቻ ነው። ብሎኑ ዚንክ የተቀባ ተራ ብረት ሊሆን ይችላል፤ በርካሾቹም ዘንድ ይህ የተለመደ ነው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ጨው ውኃ ውስጥ ሲነካኩ ባትሪ ይፈጥራሉ፤ ከሁለቱ ደካማው ይበላል። እዚህ ላይ ደካማው ትንሹ ብሎን፣ ጠንካራው ሰፊው ቀበቶ ስለሆነ መበላቱ ይፈጥናል። ቅቡ መጀመሪያ ይሄዳል፣ ቀጥሎ ብረቱ፣ በመጨረሻም ካቻቪቴ የሚገባበት ሸንተረር ራሱ ይጠፋና ፋሼታውን ለመፍታት መጋዝ ፍለጋ ይኬዳል።

ለዚህ የሚረዳ ቀላል ፈተና አለ፤ ማግኔት። ነገር ግን ፈተናው ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር ማወቅ ያስፈልጋል። ማግኔቱን በቀበቶው፣ በቤቱና በብሎኑ ላይ ለየብቻ ያስጠጉ። አንዱ ክፍል እንኳ ጥብቅ አድርጎ ከያዘው ወይ ተራ ብረት ነው፣ ወይም 400 ተብሎ ከሚቆጠረው ቤተሰብ የሆነ፣ ለጨው አቅም የሌለው ስቴንለስ ነው፤ ይጣል። በጣም ስስ የሆነ ስበት ግን ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም፤ 304 የሚባለው የስቴንለስ ዓይነት ሲታጠፍና ሲደቀደቅ ትንሽ ማግኔት ይነካዋል። ማግኔቱ ፈጽሞ ካልያዘ ደግሞ ፋሼታው አለፈ ማለት አይደለም። 304 እና 316 የሚባለው ሌላው የስቴንለስ ዓይነት በማግኔት አይለዩም፤ ልዩነታቸው 316 ከ2 እስከ 3 በመቶ የሚሆን ሞሊብዲነም የተባለ ማዕድን ስላለው ነው፤ እሱም በዓይን አይታይ፣ በእጅ አይዳሰስ።

«እንግዲያውስ 316 ገዝቼ ልገላገል» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። 316 «የባሕር ደረጃ» እየተባለ ስለሚሸጥ አልፈርድበትም። ይሁንና ስሙ የመጣው ከጀልባ ወለልና ከመርከብ ዕቃዎች ነው፤ የባሕር ርጭት ከሚያገኛቸው፣ ዝናብ ከሚያጥባቸው፣ ነፋስ ከሚያደርቃቸው። ቀን ከሌሊት ሞቅ ባለ የጨው ውኃ ውስጥ ሰጥሞ መኖር ሌላ ኑሮ ነው። የተለመደ የባሕር ውኃ በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ ከዚያ ውስጥ 19 ግራም የሚሆነው ክሎራይድ ነው። የስቴንለስ ጠላት ይኸው ክሎራይድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስቴንለስ የማይዝገው ብረት ስላልሆነ አይደለም። በውስጡ ያለው ክሮሚየም ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ በላዩ እጅግ ስስ የሆነ ሽፋን ስለሚሠራ ነው፤ ሽፋኑ ቢጫር እንኳ ኦክስጅን እስካገኘ ድረስ ራሱን መልሶ ይጠግናል። አሁን ፋሼታውን ያስቡት። ቀበቶው ከቱቦው ጋር ተጣብቋል፤ የቀበቶው ጫፍ በራሱ ላይ ተደርቧል፤ ብሎኑ በጠባቡ ቤት ውስጥ ተቀርቅሯል። በእነዚህ ስንጥቆች ውስጥ የገባው ውኃ አይንቀሳቀስም። የነበረው ኦክስጅን ያልቃል፣ ክሎራይድ ይከማቻል፣ ውኃው አሲድነት ያገኛል፣ ሽፋኑም መጠገን ያቅተዋል። ፓምፑ ውኃውን የቱንም ያህል ቢያተራምሰው ወደዚያ ስንጥቅ አይደርስም። ስለዚህ ፋሼታው ከውጭ እንደ መስታወት እያበራ ከውስጥ ይቦረቦራል። ሞሊብዲነሙ ይህን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ከሁሉም ነገር ይህን ነጥብ ማስረዳት ያስቸግረኛል፤ ባለቤቱ ወደ ፋሼታው እየጠቆመ «ይኸው፣ ምንም አልሆነም» ይለኛል፤ ሲፈታ ከሥሩ ያለው ቱቦ ላይ ቡናማ ቀለበት ታትሞ ይገኛል።

ቤቴ ውስጥ ለዚህ ሥራ የተመደቡ የብርጭቆ ማሰሮዎች አሉ። አዲስ ዓይነት ፋሼታ ባገኘሁ ቁጥር በቁራጭ ቱቦና በመሰኪያ ላይ አጥብቄ፣ ከገንዳ የተቀዳ ውኃ ሞልቼበት፣ ግማሹ ሰጥሞ ግማሹ ከውኃው በላይ እንዲቀር አድርጌ እተወዋለሁ። የውኃው ወለል ያለበት መስመር ከሁሉም ቦታ የከፋ ነው፤ ጨውም አየርም እርጥበትም በአንድ ላይ የሚገናኙት እዚያ ነው። ተራ ብሎን ያለው ፋሼታ ውኃውን ሳይውል ሳያድር ያደፈርሰዋል፤ ስለ እሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። 304 ሲፈታ በብሎኑ ቤት ሥር በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ጉድጓዶች ታይተውበታል። 316 የተሻለ ነበር፤ በጣም የተሻለ። ግን እሱም በዚያው ቦታ፣ በዚያው በተደበቀው ጥግ፣ ጀምሮታል። ከቲታኒየሙና ከፕላስቲኮቹ የወጣ ነገር አላየሁም።

በፕላስቲክ ወይም በቀለም የተለበጠ የብረት ፋሼታም ደርሶኛል፤ «ለአኳሪየም የተዘጋጀ» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ብሎኑ ገና ሲጠብቅ ጥርሱ የቀበቶውን ልባጥ እየላጠ ነው የሚሄደው። የተላጠው ቦታ ደግሞ ልክ ያ የተደበቀው ስንጥቅ ነው። ስለዚህ ልባጡ ዝገቱን ከመከልከል ይልቅ ከዓይን ይሸፍነዋል። እንዲህ ያለውን ዕቃ ማን እንዳሰበው አይገባኝም።

ስለ ስፕሪንግ ፋሼታ፣ በፒንሳ ተጨምቆ የሚከፈተው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ የሚሠራው ከስፕሪንግ ብረት ስለሆነ ከዛገ በኋላ በድንገት ይሰበራል።

ዝገቱ ምን ይጎዳል? እዚህ ላይ ማጋነን አልወድም። ብረት ብቻውን ገንዳ አያጠፋም፤ በትንሹ ሲሆን ለአልጌ ምግብ ከመሆን ያለፈ ጉዳት አይታይበትም። የሚያስፈራው አብሮት የሚመጣው ነው፤ ከቅቡ ዚንክ፣ ከስቴንለሱ ኒኬል። ከሁሉም በላይ የሚያስፈራው መዳብ ነው፤ ናስም መዳብና ዚንክ የተቀላቀሉበት ስለሆነ ከዚያው ወገን ነው። መዳብ ለዓሣ መድኃኒት ሆኖ ያገለግላል፤ ነጭ ነቁጥ የሚባለውን የባሕር ዓሦች በሽታ ለማከም በሊትር 0.15 እስከ 0.20 ሚሊ ግራም የሚሆን መዳብ ይሰጣል፤ ሕክምናው ግን በተለየ ገንዳ የሚደረገው ዓሣው የሚችለውን ይህን መጠን ሽሪምፕ፣ ቀንድ አውጣና ኮራል ስለማይችሉት ነው። ዓሦቹ ደኅና ሆነው ቀንድ አውጣዎቹ ብቻ ሲሞቱ የናስ ነገር የምፈልገው ለዚህ ነው። ፋሼታው ከወጣ በኋላም ነገሩ ወዲያው አያልቅም፤ ድንጋዩና አሸዋው የያዙትን መዳብ ቀስ እያሉ መልሰው ይለቃሉ። ውኃ ደጋግሞ መቀየርና ብረት የሚስብ ማጣሪያ ማስገባት ይረዳል፤ ምንጩ እዚያው ተቀምጦ ከሆነ ግን ሁለቱም ከንቱ ድካም ናቸው።

ወደ ምወደው ልምጣ። የፕላስቲኩ ፋሼታ ሁለት መንጋጋ ያለው ቀለበት ነው፤ መንጋጋዎቹ በጥርስ ይነካከሳሉ። በፒንሳ ሲጨመቅ ጥርስ በጥርስ እያለፈ ይጠብቃል፤ ለመፍታት መንጋጋዎቹን ወደ ጎን፣ አንዱን ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች፣ ማንሸራተት ነው። ብሎን የለውም፣ ስፕሪንግ የለውም፣ የሚዝግ ምንም ነገር የለውም። ይህ ነው ሙሉ ምስጢሩ።

ደካማ ጎኑ ልኩ ነው። የብሎኑ ፋሼታ ከጠባብ እስከ ሰፊ ቱቦ ይይዛል፤ ይህኛው የሚይዘው በጣም ጠባብ በሆነ ክልል ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ሰዎች የሚሳሳቱት በቱቦው ላይ የተጻፈውን ልክ አይተው ሲገዙ ነው። የተጻፈው የውስጥ ስፋት ሲሆን ፋሼታው የሚያቅፈው ደግሞ የውጩን ነው፤ ያም ቱቦው ባለ ሸንተረሩ መሰኪያ ላይ ገብቶ ከተለጠጠ በኋላ ያለውን። ስለዚህ በመጀመሪያ ቱቦው እስከ መጨረሻው ይሰካ፣ ከዚያ በካሊፐር (በስፋት መለኪያ) ከውጭ ይለካ፣ ከዚያ ፋሼታው ይገዛ። ያገኙት ቁጥር በሁለት ልኮች መካከል ከወደቀ ሁለቱንም ይውሰዱ። ሲጠብቅ ሁለት ወይም ሦስት ጥርስ ብቻ የነከሰ ፋሼታ ጠባብ ነው፤ የመጨረሻው ጥርስ ላይ ደርሶም ቱቦው በእጅ የሚዞር ከሆነ ደግሞ ሰፊ ነው።

ናይለንና አሴታል አንድ ዓይነት አይደሉም። ናይለን ውኃ ይጠጣል፤ ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ ትንሽም ያብጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይሰባበራል። ደረቅ ቁም ሣጥን ውስጥ የከረመ የናይለን ፋሼታ በመጀመሪያው ጭመቃ ቀጭ ካለ ጥፋቱ የፋብሪካው ላይሆን ይችላል። እኔ ከመግጠሜ በፊት ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ ውስጥ አቆየዋለሁ። አሴታል ግን ውኃ ከሞላ ጎደል አይጠጣም፤ ልኩን ይጠብቃል፣ ጥርሱም ሹል ሆኖ ይቆያል። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ምረጥ ብባል አሴታልን አነሣለሁ። ቀለምን በተመለከተ ጥቁሩን ይምረጡ። ነጩ ናይለን በጠንካራ ብርሃን ሥር ሲኖር ይነትባል፤ ጥቁሩ የያዘው የካርቦን ዱቄት ብርሃኑን ይከላከልለታል። በዚያ ላይ ጥቁር ፋሼታ ከጥቁር ፓምፕ ጋር አይታይም፤ ለእኔ ይህ ትርፍ ነው፤ ከኮራሉ ይልቅ ፋሼታው የሚታይበት ገንዳ አልወድም።

ሌላው ጠባዩ ደግሞ ሐምራዊው የድንጋይ አልጌ ጥርሶቹን ስለሚለብጣቸው በጊዜ ብዛት የማይፈታ መሆኑ ነው። ፒንሳ ይዞ መታገል አያስፈልግም፤ ከገንዳው አውጥቶ በውኃ በቀጠነ ነጭ ኮምጣጤ ለጥቂት ጊዜ ቢዘፈዘፍ አልጌው የሠራው ኖራ ይሟሟል። እምቢ ካለም ይቆረጥ፤ የፕላስቲክ ፋሼታ የሚታዘንለት ዕቃ አይደለም።

«ፕላስቲክ እኮ እንደ ብረት አይነክስም» ይሉኛል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ምን ያህል ንክሻ ነው የሚፈለገው? ውኃን ሁለት ሜትር ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ ቱቦው ላይ የሚያሳድረው ግፊት 0.2 ባር ያህል ነው። የመኪና ራዲያተር ቱቦ 1 ባር ገደማ ግፊት ይችላል፤ ያውም በፈላ ውኃ። የብሎኑ ፋሼታ ለዚያ ዓለም የተሠራ ነው። ገንዳ ውስጥ ስናመጣው ያን ሁሉ ጉልበት የሚያሳርፈው በለስላሳ የሲሊኮን ቱቦ ላይ ነው፤ ቀበቶው ቀዳዳ ያለው ከሆነ ቱቦው በቀዳዳዎቹ በኩል እየተፈለቀቀ ይወጣና ይቀደዳል። የፕላስቲኩ ጠርዝ ክብ ስለሆነ ይህን አያደርግም። አቅም የሚያንሰው ክር በተጠለፈበት ወፍራምና ደረቅ ቱቦ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ አልሟገትለትም፤ ቱቦውን በለስላሳ ለውጡ እላለሁ።

ገመድ የሚጠረዝበት የናይለን ማሰሪያስ? እጠቀምበታለሁ፤ ማንም ባለሙያ አልጠቀምበትም ቢል አላምነውም። ውኃ ውስጥ ለሰመጠ ግንኙነት ይሠራል፤ ምክንያቱም እዚያ ትንሽ ቢያንጠባጥብ የሚያንጠባጥበው ገንዳው ውስጥ ነው፤ የሚጠፋው ጥቂት የውኃ ፍሰት ብቻ ነው። ጉድለቱ ከራሱ ጭንቅላት ሥር ቱቦውን ሙሉ በሙሉ አለማቀፉ ነው፤ ትንሽ ክፍተት ይቀራል። ሁለት አድርጎ ጭንቅላቶቻቸውን በተቃራኒ አቅጣጫ ማድረግ ይበጃል። ከገንዳው ውጭ፣ ከእንጨት ሳጥኑ ሥር፣ ወለል በሚበላሽበት ቦታ ግን አላስቀምጠውም።

ቲታኒየም ከሁሉም የበላይ ነው፤ የባሕር ውኃ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ ውኃው የሚያልፍበት ጥምዝ ቱቦ ከእሱ የሚሠራው በከንቱ አይደለም። ችግሩ ማግኘቱ፣ ከዚያም ማመኑ ነው። ቲታኒየም መሳይ ቀለም የተቀባ ብረት በስሙ ሲሸጥ አይቻለሁ። ማግኔት ብቻውን አይበቃም፤ በእጅ ይመዘን። ቲታኒየም በመጠን እኩል ከሆነ ስቴንለስ ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ ከግማሽ ብዙም አይበልጥም፤ በሁለት እጅ ይዞ የማይለየው ሰው የለም። ብሎኑም ከዚያው ማዕድን መሆኑን ይጠይቁ፤ ሻጩ ካላወቀ አይግዙ። ሲያጠብቁ ደግሞ ዝግ ይበሉ፤ የቲታኒየም ጥርስ በቲታኒየም ላይ ሲፋተግ የመናከስ ጠባይ አለው፤ በጥድፊያ ከጠበቀ መልሶ አይፈታም።

316ን ከገንዳው ውጭ ሥራ አያጣም ብያለሁ። ከውጭ በተቀመጠ ፓምፕ ላይ ቱቦው ቢያመልጥ ገንዳው ወለሉ ላይ ይፈስሳል፤ እዚያ የብሎን ጉልበት ይፈለጋል። መሰኪያው ረጅም ከሆነ ሁለት አስሬ ብሎኖቻቸውን በተቃራኒ ጎን አደርጋለሁ፤ መሰኪያው አጭር ከሆነ ግን ሁለተኛው የሚያስረው ባዶ ቱቦ ነው፤ ትርፉ ቱቦውን ማጣመም ነው። ሁለት ሁኔታ ደግሞ አልረሳም። አንደኛ፣ ከተከፈተ ውኃ በላይ የተሰቀለ መሆን የለበትም፤ የጨው ርጭት አርሶት የሚንጠባጠበው ወደ ገንዳው ተመልሶ ነው። ሁለተኛ፣ ላዩ ላይ የሚጋገረው ነጭ ጨው በንጹሕ ውኃ በራሰ ጨርቅ ይጠረግ። ጨርቁ ቡናማ ሆኖ ከተመለሰ ፋሼታው ይቀየራል፤ ውይይት የለውም።

የቱቦውን ፀባይም መርሳት አይገባም። ግልጽ የሆነው የቪኒል ቱቦ ከጊዜ በኋላ ይደርቃል፤ ከፋሼታው ሥርም እየተጨፈለቀ ስለሚሄድ ትናንት ጠብቆ የነበረው ዛሬ ይላላል። አዲስ ስገጥም ቱቦው የውኃውን ሙቀት ለምዶ ካደረ በኋላ ተመልሼ አንድ ጥርስ እጨምራለሁ። የደነደነ ጫፍ ያለው ቱቦ ሳገኝ ፋሼታውን ከማስጨነቅ ጫፉን ቆርጬ አዲሱን ክፍል እሰካለሁ። ቦታና አቅም ያለው ሰው ደግሞ የማይንቀሳቀሰውን መስመር በሙሉ በሙጫ በሚያያዝ ደረቅ የፒቪሲ ቧንቧ ይሥራው፤ በእጅ የሚፈታ መገጣጠሚያ ለፓምፑ ግራና ቀኝ ካስገባበት ፋሼታ የሚያስፈልገው ከፓምፑ ንዝረትን ለመከላከል አጭር ለስላሳ ቱቦ ለሚያስገባበት ቦታ ብቻ ነው።